ለእህቴ የነደፍኩት መጸዳጃ

ታላቅ እህቴ ወልቂጤ ውስጥ ታስተምር ነበር። ከጉንችሬ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ወገቧ ቢጎዳም፣ ሲሻላት በዊልቸር ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ያኔ እኔ ቡታጅራ የሕንፃ ንድፍ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤቷ አዲስ ብሎክ ሊያሠራ ሲነሳ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አስጠሩኝና፣ «ለእህትህ የሚሆን መጸዳጃም አስገባበት። ሕጉም ያዛል፤ እኛም ስትቸገር እያየን ያመናል» አሉኝ።

ልኬቱን ከወረቀት ብቻ መውሰድ አላስቻለኝም። ቅዳሜ ወልቂጤ ሄጄ ቤታችን ግቢ ሲሚንቶው ላይ ክፍሉን በጠመኔ ሣልኩት። በዊልቸሯ ገብታ ዞረች። ጎማው መስመሩን ሲረግጠው አጥፍቼ አሰፋሁት። በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ ደፍ እንዳይኖረው፣ ከመቀመጫው ጎን የምትደገፍበት ብረት እንዲገባ ተስማማን።

«ግድግዳ የሌለው ሽንት ቤት! ጎረቤት ሁሉ እያየኝ!» ብላ ሳቀች። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ግንባታው ሲያልቅ ብቻዋን ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። እኔና ርዕሰ መምህሩ ደጅ ቆመን ጠበቅናት። ፊቷን ታጥባ ወጣችና፣ «ማንም ሳይዘኝ» አለች።

ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ እኔም አምናታለሁ።

በዓመቱ አታት ሆስፒታል ተኝታ አገኘኋት። ኩላሊቷን ነው የታመመችው። ሐኪሙ ሥራ ስትውል ውኃ እንደማትጠጣ፣ ሽንቷንም እንደምትይዝ ነገረኝ።

«ለምን? ያ ሁሉ ተሠርቶልሽ!» አልኳት።

«ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ቀስ እያልኩ ጠይቄ ነገሩን ከአፏ አወጣሁ። ተማሪዎች እንዳያበላሹት ተብሎ በሩ ላይ ጓጉንቸር ገብቷል። በቸገራት ቁጥር ግቢውን አቋርጣ ቁልፍ መለመን አለባት። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያፋጥንላት ብሎ፣ «ቲቸር ሽንት ቤት ልትሄድ ነው፣ መንገድ ልቀቁ!» እያለ ከፊት ከፊቷ ይሮጣል። በገበያ ቀን ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይጠፋል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ በዚያ ክፍል ምን ያህል ደስ እንዳለህ አይቻለሁ። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ርዕሰ መምህሩ ሊጠይቋት መጥተው ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። «ለእሷ ብለን እኮ ነው የቆለፍነው፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆያት» አሉኝ። ውሸታቸውን አልነበረም። በማግስቱ ጓጉንቸሩን አስነሱ።

እህቴ ግን አልተመለሰችም። ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ጋ ቡታጅራ ገባች፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ታስጠናለች።

«ድነሻል፤ በሩም ተከፍቷል። ተመለሺ እንጂ» እያልኩ ስንት ጊዜ ለመንኳት።

አንድ ቀን፣ «በሩስ ይሁን፤ ያንን ጩኸት የሰሙ ልጆችን ዓይን ማየት አቃተኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልለመንኳትም።

ጠዋት ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በደጃችን ሲያልፉ በረንዳው ላይ ሆና የመጨረሻው ልጅ እስኪያልፍ ታያቸዋለች። እኔም ዓይኗን ማየት ስለሚያቅተኝ በዚያ ሰዓት ከቤት አልወጣም።