እንሰት የሚፍቀው አባቴ

እኛ አገር እንሰት ወንድ ይተክላል፤ መፋቅ ግን የሴት ነው። ሴቶች ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው ቆሞ ማየቱ እንኳ ነውር ነበር። አባቴ ግን ይፍቅ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ እሱ ሌላ ሚስት አግባ ቢባል አሻፈረኝ አለ፤ ሆዳችን ደግሞ ቆጮ ይጠይቃል።

የእኔ ሥራ ዘብ መቆም ነበር። ከሶዶ ወጣ ብሎ ያለው ግቢያችን በር ላይ ቁጭ እልና ሰው ሲመጣ እስላለሁ። አባቴ ይኼኔ የቀርከሃ መፋቂያውን ጥሎ ዶማ ያነሳል። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን አንድ ክረምት ታዲያ ጉንፋን ያዘኝ። ያን ቀን ዶማውን ስንቴ እንዳነሳ እሱና እግዜር ያውቃሉ። በመጨረሻ ታከተውና ሳሌን ችላ አለው፤ ሁለት ጎረቤቶቻችን ከች ያሉት ልክ ያኔ ነው። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አባቴ ቀና ብሎ፣ ካጠፋሁ አሳዩኝ አላቸው። እየሳቁ ግማሹን ፍቀውለት ሄዱ።

እሱ ከዚያ ወዲያ መደበቁን ተወ። እኔ ግን ለዓመታት አፈርኩበት። ትምህርት ቤት ስለ አባቴ ከተጠየቅሁ፣ ገበሬ ነው ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ከሴት ሙያ ስሸሽ ስሸሽ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሁምቦ ተመደብኩ። አንድ ጠዋት ምጧ የገፋ ሴት በጋሪ መጣች። አማቷ በሩ ላይ ተገትረው ወንድ አይገባም አሉ። በዕለቱ ከእኔ ሌላ አዋላጅ አልነበረም። ብለምናቸው፣ ለእናትም ለልጅም ያሰጋል ብላቸው ንቅንቅ አላሉም። ቸገረኝና፣ እንግዲያው አብረን እንግባ፣ ካጠፋሁ እጄን ይምቱኝ አልኳቸው። ገቡ። ሁለቴ መቱኝም፤ አንዱ ይገባኝ ነበር።

ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ስጠቀልላት እጄን ሲያዩ ቆዩና፣ "እናትህ ሙያ አስተምራሃለች" አሉኝ።

"አባቴ ነው" አልኩ። አንዴ ከአፌ ከወጣ ወዲያ መመለስ የለም። "እንሰት እየፋቀ ነው ያሳደገኝ።"

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሕፃኗን ከእጄ ተቀበሉና፣ "ሰላም በልልኝ" አሉ።

የአባቴን ሙያ በሰው ፊት ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም።