ፎቶ ቤቴን የወረሩት ትልልቅ ዓይኖች

ጥፋቴ ሥዕል መቻሌ ነው። ሮቤ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ሞልቷል፤ መሳል የሚችል ግን በዚያን ጊዜ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም ሰው እንደዚያ ብሎ አስወራብኝ። ስለዚህ ያ የካርቱን ወረርሽኝ ከተማችን ሲገባ ቀጥ ብሎ የመጣው እኔ ደጃፍ ነው።

ነገሩ ከኢንተርኔት የመጣ ነው። የጃፓን ካርቱን የሚወዱ ልጆች፣ እነሱ አኒሜ ይሉታል፣ የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ለስልክ ስክሪን እንዲሆኑ አድርገው እየሳሉ ይለቁ ነበር። ቆየት ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ፎቶ በዚያ መልክ እያስሳለ የስልኩ ዎልፔፐር ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ታየ። በወሩ ሮቤም ጎባም ስልኩን ከኪሱ ያወጣ ሁሉ ዓይኑ ሲኒ አክሎ፣ አፍንጫው ነጥብ ሆኖ፣ አገጩ ሾሎ ብቅ ይላል። እኔ ባሌ ውስጥ ተወልጄ ሳድግ እንደዚያ ያለ አገጭ አይቼ አላውቅም።

የጠየቁኝን ነገር ለሰው ባወራው አይታመንም። አንዱ ባለጋሪ ራሱን ካስሳለ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ፈረሱንም ሳዪልኝ አለ፤ ለፈረሱም ዓይን ይጨመርለት። ፈረስ መች ዓይን አነሰውና። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ አንድ የሂሳብ መምህር ደግሞ ግማሽ ቀን ኮምፒውተሬ አጠገብ ቆመው ፀጉራቸውን ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ሲያስቀይሩኝ ዋሉ። ሰውየው መላጣ ናቸው እኮ። "እርስዎ ፀጉር የለዎትም" ልል አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

ከሁሉ የምታናድደኝ ግን የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። እናቷ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ከደሎ መና ቡናና ማር እያስመጡ ገበያ ይሸጣሉ። ልጅቷ ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ አስረኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። በሳምንት ሁለቴ ትመጣብኛለች። "ይሄን ደግሞ" ብላ ሌላ ፎቶ ትሰጠኛለች። ምን ያደርግልሻል ስላት መልስ አላት፤ "ፊቴ በየወንዱ ስልክ እንዲዞር አልፈልግም። በዚህ ግን ማን ያውቀኛል?" ሳስበው እውነቷን ነው። ስዬ በጨረስኩ ቁጥር ዋናውን ፎቶ አጥፊልኝ ትላለች፤ ከስልኳ አጠፋለሁ። ኮምፒውተሬም ቦታ እየጠበበው አስቸግሮኝ ስለነበር እግረ መንገዴን ከዚያም አጠፋለሁ። ተገላገልኩ ነበር የምለው።

ልጅቷ አረብ አገር ሄደች። ስልኳን ለእናቷ ትታላቸው ነው የሄደችው። መጀመሪያ መጀመሪያ በየጁምዓው ትደውል ነበር፤ ከዚያ በወር አንዴ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋች። አምስት ወር ሙሉ ድምፅ የለም። የላካት ደላላም ስልኩን ዘጋ።

አንድ ጠዋት እናቷ ስልኩን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ሱቄ ገቡ። "አረብ አገር ያሉ የኛ አገር ልጆች ግሩፕ አላቸው አሉ። ፎቶዋን ከላኩልን ፈልገን እናገኛታለን ብለውኛል። ፎቶዋን አውጪልኝ ልጄ።"

ስልኩን ከፈትኩት። አርባ የሚሆን ሥዕል አለ፤ ሁሉም የኔ እጅ ነው። ሻሿ ሮዝ የሆነ፣ ሻሿ ሰማያዊ የሆነ፣ ጨረቃ ላይ የተቀመጠች፣ ሳነቴ ተራራ ላይ ቆማ ነፋስ የሚያወዛውዛት። የሷን ፊት የያዘ አንድ ፎቶ የለም። ኮምፒውተሬን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፤ የለም። ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የፈተና ካርዷንና ጉርድ ፎቶዎቿን ለፓስፖርት ብላ ወስዳለች። ዘመድ ቤት ዞርኩ፤ በአንድ የሰርግ ፎቶ ላይ ከሰው ጀርባ የሻሿ ጫፍ ብቻ ይታያል። መጀመሪያ በልጅቷ ተናደድኩ፤ ከዚያ በጃፓን፤ ከዚያ በባለጋሪውና በመምህሩ ሳይቀር። መጨረሻ ላይ የቀረሁት እኔው ነበርኩ። አጥፊ ብትለኝስ? በፎቶ የሚተዳደር ሰው እንዴት አንዲት ኮፒ አያስቀርም?

እናቷ እኔን መጠበቅ ሲያቅታቸው ከሥዕሎቹ አንዱን በሌላ ሰው አስልከው ለግሩፑ ላኩት። ከዚያ ማዶ ያሉት ሴቶች ቶሎ መለሱ፤ "ይቺ ልጅ እኮ እዚህ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለች።" መቀለዳቸው አልነበረም። ሁሉም ሥዕል አንድ ዓይን፣ አንድ አገጭ ነው ያለው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷን አጠገቤ አስቀምጬ ሥዕሉን ወደ ሰው ልመልሰው ታገልኩ። ዓይኑን አሳነስኩ፤ አፍንጫ አወጣሁለት፤ አገጩን ከብ አደረግኩ። "እንዲህ ናት?" ስላቸው "ትንሽ ከፍ አድርጊው" ይላሉ። "አሁንስ?" ስላቸው "አይ፣ የቅድሙ ይሻላል።" ሁለት ሰዓት ያህል ለፍተን ስክሪኑ ላይ የተገኘችው ማንም ያልወለዳት ልጅ ናት። ትዕግሥቴ አለቀ። "የወለዷትን ልጅ አፍንጫ እንዴት አያውቁትም?" ብዬ ጮህኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

አልተቆጡም። "አፍንጫዋማ የኔው ነው" አሉ። "ዓይኗም የኔ ነው። ሰው ሁሉ ቁርጥ አንቺን ናት ይለኝ የለ።" ከዚያ ተነሡና ደንበኛ ፎቶ የሚነሣበት በርጩማ ላይ ሄደው ተቀመጡ። "እኔን አንሺኝ። ይሄን ፊት የምትመስል ልጅ ያየ ይንገረኝ እላለሁ።"

አነሣኋቸው። ልማድ ሆኖብኝ፣ ደግሞም ልጅቷን ይበልጥ እንዲመስሉ ብዬ፣ ግንባራቸው ላይ ያለውን መስመር ላጠፋ ስጀምር እጄን ያዙኝ። "በቃሽ። የምታጠፊውን አጥፍተሻል።" በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ።

ፎቶውን እንዳለ፣ ከድምፃቸው ጋር፣ ከኔው ስልክ ለግሩፑ ላክነው። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ልጄ ጠፍታብኛለች፣ መልኳ መልኬ ነው፣ ያያችኋት በአላህ ንገሩኝ። ላክነው አልኩ እንጂ ወዲያው አልሄደም። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት በየሰበቡ ይቋረጥ ነበር፤ መልእክቱ ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ሲሽከረከር ሰነበተ። እናቷ ገበያውን ትተው ሱቄ ደፍ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። "ሄደ?" ይሉኛል፤ "አልሄደም" እላቸዋለሁ። ደንበኛ ሲገባ ይነሣሉ፤ ሲወጣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ያን ሰሞን ካርቱን ሊያስሳል የመጣውን ሁሉ ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል እያልኩ መለስኩት።

ኢንተርኔቱ ተመልሶ መልእክቱ ከሄደ በአሥረኛው ቀን ከማናውቀው ቁጥር የድምፅ መልስ ገባ። እናቷ አጠገቤ ነበሩ፤ ከፈትኩት። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ልጅቷ እናቷን የምትጠራበት ቃል፤ "አዮ።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፤ "አዮ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?"

ቀጣሪዋ እዚያ የገዛችውን ስልክ ነጥቃ ለሌላ ቤት አሳልፋ ሰጥታት ኖሯል። ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ታች ቤት የምትሠራ አንዲት የኛው አገር የጊኒር ልጅ ፎቶውን አሳየቻት፤ "ይቺ ሴት አንቺን አትመስልም?" ብላ። መልሱም የመጣው በዚያችው ልጅ ስልክ ነው። አሁን ደህና ነኝ ትላለች። ኮንትራቷ ሲያልቅ ትመጣለች፣ ኢንሻ አላህ።

እናቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሦስት ጊዜ ሰሙት። በአንድ እጃቸው የበርጩማውን ጠርዝ ይዘው ነበር። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። በኋላ መልስ እንዴት እንደሚላክ ጠየቁኝና ድምፅ መቅጃውን ተጭኜ ያዝኩላቸው። እንባቸውን ጠረጉ፤ ጉሮሯቸውን አጸዱ።

"አልከሳሁም" አሉ። "ደህና ነኝ። ፎቶ አንሺዋ ናት ያበላሸችኝ።"