ጥሩ ጀርም

ባለፈው ወር አንድ ዓሣ አርቢ ኩሬዎቹን አሳየኝ። ከከረጢት ነጣ ያለ ዱቄት በጭልፋ እየዛቀ ከመኖው ጋር ቀላቀለ። «ባክቴሪያ ነው፤ አንጀታቸውን ይጠብቅላቸዋል» አለኝ፣ ጨው ጨመርኩ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ። ፈገግ ልል ሞክሬ አቃተኝ። እትዬ ዘሐራ ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ከጀውሃ አለፍ ብሎ ባለ የገበሬዎች አምራች ማኅበር ተመደብኩ። ግንቦት ነበር። ወደ ደሴ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ካለፉ በኋላ አየሩ የጎማና የበሰለ ፓፓያ ሽታ ይሸታል። ዓይናፋር ስለነበርኩ ከሰው ይልቅ ከዓሣ ጋር መዋሉን ወድጄው ነበር።

የኩሬው ጠባቂ እትዬ ዘሐራ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው የይፋት ሴት። የማሾ ወጥ በማሽላ እንጀራ ያጎርሱኝና «ዓሣ ለመቀለብ ይህን ያህል ተማርሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። ልጃቸው አሕመድ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ቃል ገብቶላቸዋል፦ ኩሬው ፍሬ ከሰጠ አሕመድ ለምርት ያስፈልጋል ተብሎ ይቀራል።

የዓሣ ጫጩቶቹ ግን ሆዳቸው እየተነፋ ያልቁ ነበር። ከሮቢ ወንዝ ከተያዘ ጤነኛ የቆሮሶ ዓሣ አንጀት ጠቃሚ ተሕዋስያን ወስጄ፣ በአጓት አባዝቼ፣ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር እያሸሁ አበላቸው ጀመርኩ። ጥሩው ቦታውን ከያዘ መጥፎው መቀመጫ ያጣል። እውነትም ሞቱ ቀነሰ፤ ቆየት ብሎም ቆመ።

ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች በሚመጡበት ዋዜማ፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ አስነሣኝ። «ጓድ ባለሙያ፣ ዓሣውን ምን አዳነው? አስረጂን።»

«ውሃው ውስጥ ጥሩ ጀርም አለ» አልኩ።

«ጥሩ ጀርም? እንግዲያው ጥሩ ጅብም አለ በይና!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ የቀረውን ንግግሬን ዋጠው።

እትዬ ዘሐራ አልሳቁም። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የተማሩት ከጤና ጽሑፍ ነበር፤ ቃሉንም የሚያውቁት ከዚያ ነው። ጀርም ገዳይ ነው። ጀርም በበረኪና ይጠፋል።

በማግስቱ ጧት ኩሬው ጋ ስደርስ ሽታው ዓይኔን ለበለበው። እትዬ ዘሐራ ከባዶ ጄሪካኖች አጠገብ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«ነይ ልጄ፣ ገላገልኩሽ! እንግዶቹ ጀርም አለበት ብለው እንዳይዘጉብን በረኪና ደፋሁበት። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ጠራ።»

ከኋላቸው ጫጩቶቹ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው መንሳፈፍ ጀምረው ነበር። ዞረው አዩ።

«ምን ሆኑብኝ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኩ።

«በጧት?»

«የትናንቱ ነው፣ እትዬ። ውሃው ውስጥ አድሮ ነው።»

ባዶ ጄሪካኖቹን ሰብስበው ሄዱ። ለሊቀመንበሩም፣ ለእንግዶቹም ሙቀት ነው አልኩ። ኩሬው ተደፈነና ማሽላ ተዘራበት። ክረምቱ ሳይገባ አሕመድ ተወሰደ። መኪናው ላይ ሆኖ «እማ፣ ፀሐዩ በረታ፤ በቃ ግቢ» ይላቸው ነበር። አልተመለሰም።

ከአርቢው ዘንድ በተመለስኩ በሳምንቱ ወደ ይፋት ወረድኩ። እትዬ ዘሐራ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። በየጊዜው እየሄድኩ ስጠይቃቸው ስለዚያ ጧት አንሥተን አናውቅም ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ይዘው፦

«ልጄ፣ ሙቀት በረኪና በረኪና ይሸታል እንዴ?» አሉኝ።

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ለእኔ ብለሽ የዋሸሽውን ላፈርስብሽ?»

ሁለት ሰዎችን ይህን ያህል ዘመን ዝም የሚያሰኝ ርኅራኄ ርኅራኄ ይባል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ አሕመድን በስሙ ጠርተን አብረን ያለቀስነው ያን ቀን መሆኑን ነው።