ተራው በትንፋሽ ነው

ሐያት መጀመሪያ የተወችው ጡት ነው። የአራት ወር ልጅ ናት፤ የልጄ የሰዓዳ ልጅ። ሁለት ጊዜ ትስብና ታለቅሳለች። በማግስቱ አሳላት። ረፋድ ላይ ልብሷን ብገልጥ፣ ስትተነፍስ ጎድኗ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ደሴ ወጣን። ሐረጎ ዳገት ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። ሰዓዳ ማልቀስ አቃታት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፍ አለ። እኔ የሰው ተራ ነጥቄ አላውቅም፤ የነጠቀኝንም አልምርም። ከኋላ ቆምኩ። አንዲት ነርስ አልፋን ስትሄድ ሐያትን አየችና ልትወስዳት እጇን ዘረጋች።

«ኧረ ከፊቴ ሰው አለ!» አልኳት።

«እማማ፣ እዚህ ተራው በትንፋሽ ነው።»

ልጇን አዝላ ከፊቴ የቆመች የደሴ ዙሪያ ሴት ዞረችብኝ። «ይለፉ እንጂ! ወላሂ፣ እርስዎ ሲከራከሩ ልጂቱ ልታልቅ ነው!»

የሐያት ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉ። ሰማንያ አንድ፤ ከዘጠና በታች መውረድ አልነበረበትም። ኦክስጅን ሰኩላት። ሦስት ቀን ለውጥ የለም። በአራተኛው ዶክተሩ ከአፍንጫዋ የተወሰደውን ናሙና ውጤት ይዞ መጣ።

«ሁለት ቫይረስ ነው፤ የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃው አርኤስቪም ኢንፍሉዌንዛም አንድ ላይ። ቤት ውስጥ የሚያስል ነበር?»

ነበር። ሁለቱ ትልልቅ የልጅ ልጆቼ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። አንዱ ሲያቅፋት ሌላው ሲያኮርፍ፣ «በተራ!» ብዬ ያሳቀፍኳቸው፣ እኩል ያሳምኳቸው እኔ ነኝ። ሳልደብቅ ነገርኩት።

«ከማን እንደያዛት አይታወቅም» አለኝ። «ብቻ የሚያስል ሰው አይጠጋት።»

ከዚያ በኋላ ያቺ ነርስ ደክሟት እንኳ ሳትቆጣ የሰዓዳን ወተት ለሐያት በአፍንጫዋ ቱቦ በጠብታ እንዴት እንደምንሰጣት አስተማረችን፤ የደሴ ዙሪያዋም ሴት የራሷን ልጅ እያስታመመች የእኛን ጨርቅ ከልጇ ጨርቅ ጋር አብራ ታጥብ ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ሐያት ያለ ኦክስጅን ጡቷን ጠግባ ተኛች። አልሐምዱሊላህ። ወዲያው የሚያቃትት ሕፃን ሲገባ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ብርድ ልብሷን ጠቅልዬ ከኦክስጅኑ አጠገብ ያለውን አልጋ ለቀቅሁ።

አያቶች ሆይ፣ ሕፃን ጡት እንቢ ካለ፣ ጎድኑ ከተሰረጎደ፣ ነገን አትጠብቁ። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ ሕፃን አይሳም። እነዚያን ሁሉ ሰዎች አላህ ይጠብቅልኝ፤ ተራ ማለት ምን እንደሆነ በስተርጅና አስተማሩኝ።

አሁን ከልጆቹ አንዱ ካሳለ ሐያትን በር ላይ ቆሞ ነው የሚያያት። «እማማ፣ ታዳያለሽ!» ይለኛል።

አዎ፣ አዳላለሁ።