ሳላይ የተጫንኩት ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ሳበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። «ኖ ሲግናል» የምትል ትንሽ ሳጥን ብቻ ወዲያ ወዲህ ትንሳፈፋለች። ከማሽኑ ጀርባ የሞቀ አቧራ ሽታ መጣና እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። ባልደረባዬ «ኧረ ገመዱን ነካ አድርጊው፣ ምን እንዲህ ያስደነግጥሻል?» አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች።

አባቴ በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የቅኔ መምህር ነበሩ። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልኩ ነው ያደግሁት። የአባቴ ወግ ደግሞ የተቀኙትን አለመድገም ነው፤ ለበዓሉ ይቀኛሉ፣ የሰማ ሰማ፣ በዚያው ይቀራል። እርጅና ተጭኗቸው ላሊበላ እኔ ዘንድ ሲገቡና የሰው ስም መርሳት ሲጀምሩ፣ የዕድሜ ልክ ቅኔያቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ፈራሁ። ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምለው፤ ያመለጠሽ አመለጠሽ» አሉ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያስወገደውን ኮምፒውተር ቤቴ አመጣሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲነግሩኝ እኔ ጻፍኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዝም ይላሉ፤ ጋብ ሲል ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ማሽኑ አልነሳ አለ። ሲስተሙ እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። ቅኔውን ቀድሜ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ሲገባኝ ነገ፣ ነገ ስል ከርሜያለሁ። ቢሆንም አልደነገጥኩም፤ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ሲስተም የጫንኩት እኔ ነኝ። የመሪጌታ ልጅ አይደለሁ? የመጫኛውን ገጾች ከነቁልፋቸው እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣቸው ነበር። የሚያሰጋው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ሁለት ክፍል አለው፣ በአንዱ አሮጌው ሲስተም፣ በሌላው ቅኔው፤ የመረጥኩት ክፍል ተደምስሶ አዲሱ ይጫንበታል። እዚያ ስደርስ አስተውዬ እመርጣለሁ አልኩ።

መጫን እንደጀመርኩ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ማሽኑ ግን ያጉረመርማል፣ የመጫኛ ሲዲውም ይሽከረከራል። መብራት ከስንት ቀን በኋላ መምጣቱ ነበርና መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ አይታወቅም።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አሉ አባቴ ከመደቡ ላይ።

«ምስሉ ጠፋብኝ የኔታ።»

«አታውቂውም እንዴ?»

«በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ በቃሉ የያዘ ሰው ማየት ምን ያደርግለታል? ዝለቂው እንጂ!»

ኮራሁ። ኢንተር፣ ታብ፣ ወደ ታች፣ ኢንተር። አባቴ የቁልፉን ድምፅ እየሰሙ ፈገግ ይላሉ። በትምህርት ቤቱ ማሽኖች አንዴ ወደ ታች ስወርድ የማገኘው አሮጌውን ሲስተም ነበር። በእኛው ግን ተገላቢጦሽ ነበር።

ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ወልድያ ላለ ጥገና ባለሙያ ደወልኩና ችግሬን ነገርኩት። ሳቀ። «ከጀርባው ሁለት የስክሪን መሰኪያ አለ አይደል? ገመዱን ከላይኛው ነቅለሽ ከታችኛው ሰኪው» አለኝ። ሰካሁት። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። አዲሱ ሲስተም ቅኔው የነበረበት ላይ ተጭኖ አየሁት። ከላይኛው መሰኪያ እስከ ታችኛው ሁለት ጣት አይሞላም። ባለሙያው ኋላ ዲስኩን ወስዶ ቢፈትሽም ያተረፈልኝ የተቆራረጡ ቃላትን ብቻ ነው።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። «ደህና ነው የኔታ፣ ሁሉም አለ» አልኳቸው።

በጽጌ ወራት አንድ ከሰዓት ጋቢያቸውን ደርበው አጠገቤ ተቀመጡ። «እስቲ ያንን የጽጌውን ጉባኤ ቃና አንብቢልኝ» አሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭሩ ቅኔ ነው። ከቁርጥራጮቹ ለቃቅሜ፣ የጎደለውን ከራሴ ሞልቼ አነበብኩላቸው። ቤቱ አይመታም፤ ምስጢር የሚባል የለበትም። ጣታቸው መቋሚያው ላይ የቤቱን ልክ እየመታ ፈልጎ አጣው።

«ይሄ የኔ ነው?»

«አዎ የኔታ፣ የእርስዎ ነው።»

«አሳስተሽ ጽፈሽው ይሆን?»

«እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት።»

ያቺን ቃል ከምናገር ምነው ምላሴን በቆረጠው! አባቴ ከገዛ ራሳቸው ይልቅ እኔን አመኑ። ጣታቸውን ከመቋሚያው አንስተው፣

«እንግዲያ ሰዉ እስከ ዛሬ ሲያዳምጠኝ የኖረው ለክብሬ ብሎ ኖሯል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በዓል በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይቆማሉ እንጂ አይቀኙም። «የኔታ ይቀኙልን» ሲባሉ ወደ ተማሪዎቻቸው ይጠቁማሉ። እስኪያርፉ ድረስ እውነቱን ልነግራቸው ስንት ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልነገርኳቸውም።