የእታለም ዝማም ጀሪካን

ክረምት ሲገባ፣ በኔታንያ ገበያ የሹራቡን ጆንያ ስፈታ የናፍታሊን ሽታ ቦግ ይላል። ደንበኛ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ የአባቶች ቀሚስ ከናፍታሊን ጋር ተጠቅልሎ ወደሚቀመጥበት ቀዝቃዛ አዳራሽ እገባለሁ።

እዚያ እታለም ዝማም ነበረች። ከራማት የዲዲም ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው ትንሽ የታሪክ ሙዚየም የወጣቶችንና የመምህራንን ትምህርት የምትመራው እሷ ነበረች። ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ነጠላዋ በመስታወቶቹ ላይ እንደ ደመና ያልፋል። እኛን ልጆችን ከትምህርት ቤት መልስ ሰብስባ አስጎብኚ ታደርገን ነበር። ሕጓ አንድ ነው፦ «ሳትጠየቁ አትናገሩ።»

ለእኔ መከራ ነበር። አጎቴ የገበያ መደብ ላይ «ቲማቲም!» እያልሁ እየጠራሁ ነው ያደግሁት፤ ገበያ ላይ ዝም ያለ ጦሙን ያድራል።

አንድ ቀን አለቃዋ ሰለቸው። «ልጆቹ ይንጫጫሉ። ከሚመጣው የመምህራን ሥልጠና በኋላ ተማሪዎቹን የሚያመጣ መምህር ካልተገኘ ትምህርቱ ይዘጋል» አላት። እሷም ለዚያ ቀን ከሁሉ መርጣ እኔን አቆመች።

«እታለም፣ እኔን?»

«አንተን። አፍህ ዛሬ እንኳ ይረፍ።»

ያቆመችኝ ስንጥቁ በቀለጠ ላስቲክ ከተደፈነ ቢጫ ጀሪካን አጠገብ ነበር። መምህራኑ ከበቡኝ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ማ ዜ? ምንድነው ይሄ ደግሞ! ሹክ ውስጥ፣ ገበያው ላይ ሞልቷል!» ብሎ አንድ ወጣት መምህር ሳቀ። እውነቱን ነው፤ እኔም በአንድ ሸቀል አልገዛውም። ሌሎቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ምላሴ አፌ ውስጥ አበጠብኝ።

ከሩሲያ የመጣች አንዲት አሮጊት መምህርት መነጽሯን አውልቃ ጎንበስ አለች። «ውሃው ለስንት ሰው ነበር?»

ይህን አላውቅም። ወደ እታለም ዞርሁ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ወደ ሱዳን በእግር ስንነሳ ሰባት ነበርን» አለች። «ስንደርስ አምስት።»

ያን ጀሪካን ሁልጊዜ አቧራውን የምንጠርግለት እኛ፣ የእሷ የራሷ መሆኑን አላወቅንም፤ ጠይቀናት አናውቅማ። አሮጊቷ ወንበር ስባ እታለም አጠገብ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ወለሉ ላይ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ያየ የለም። ሲወጡ ያ የሳቀው መምህር ተማሪዎቹን መቼ ማምጣት እንደሚችል ጠየቀ። አለቃውም ስለ መዝጋት ዳግመኛ አላነሳም።

እታለም ካረፈች ቆየ። በቀደም ልጄን ይዤ ወደ ሙዚየሙ ሄድሁ። ጀሪካኑ አጠገብ አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ጸጥ ብላ ቆማለች። ልጄ አልፎ ሊሄድ ሲል ትከሻውን ያዝሁት።

መልሱን ከልጅቷ በፊት አውቀዋለሁ። ቢሆንም፣ «የኔ እመቤት፣ ውሃው ለስንት ሰው ነበር?» አልኋት።