ኖሊን ስድስት ዓመት የጠበቀችው ወደብ

ኖሊን ትሬጌንዛ ዋላሩ ወደብ ዳር ባለው የእህል ጎተራችን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ናሙና መውሰድ ነው። ስንዴ የጫነ ከባድ መኪና ሲገባ ከማማው ላይ ሆና ረጅሙን ቱቦ እህሉ ውስጥ ትሰዳለች፤ ያወጣችውን ትመረምራለች፤ እርጥበቱ ከልክ ካለፈ ሾፌሩን «መልስ» ትለዋለች። ሾፌሩ ከመቶ ኪሎ ሜትር ቢመጣም፣ ቢለምንም፣ ቢሳደብም ያው መልስ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን ከማማው ተነስቶ መርከብ መጫኛው ድረስ ይሰማል።

እኔ የሠራተኞቹን የሥራ ተራ የማወጣው ሰው ነኝ። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ንዴት ግማሹ የእኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሁለት ወር ቤት የዋለች ጊዜ ነው። ባሏ ላያል መሰላቸቷን አይቶ «ግራጫ ወደብ» የሚባል የተኩስ ቪዲዮ ጌም አመጣላት። አራት ሰዎች ሆነው የፈረሰ ወደብ ይጠብቃሉ፤ ጠላት ከባሕር ይመጣባቸዋል። አንዱ ከሩቅ ያነጣጥራል፣ አንዱ የቆሰለ ያነሳል፣ አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ ጥይት ያመላልሳል። ኖሊን መጀመሪያ «የልጅ ነገር» አለች። በሦስተኛው ቀን ላያል ራት ሠርቶ ሲጠራት «ቆይ፣ በሩ ሊሰበር ነው» አለችው። ከዚያ ላያልም፣ ከጎረቤት ከተማ ከካዲና ሆና እህቷ ጃኔትም ገቡ። አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው ጌሙ ራሱ ከኢንቨርካርጊል፣ ከኒው ዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ሄሚ የሚባል የትራክተር መካኒክ አመጣላቸው። ሄሚን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ድምፁን ግን ከወንድማቸው ድምፅ ለይተው ያውቁታል።

በኋላ የኖሊንና የላያል ትዳር ፈረሰ። ጀልባውን እሱ ወሰደ፣ ውሻውን እሷ ወሰደች። ላያል ጓዙን ጠቅልሎ ሩቅ ማውንት ጋምቢየር ከተማ ገባ። ሐሙስ ምሽት ግን እንደ ድሮው አራቱም ማዳመጫቸውን አጥልቀው ወደቡ ላይ ይገናኛሉ። «ባል ሆኖ ያልሰማኝን እዚያ ይሰማኛል፤ ‹በስተግራህ!› ስለው ወደ ግራ ይዞራል» ትል ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ኩባንያው «ግራጫ ወደብ ሁለት እየመጣ ነው» ብሎ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አወጣ። ጨለማ ባሕርና አንድ መብራት፤ ሌላ ምንም የለም። ኖሊን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ወትፋ ሰባት ጊዜ አሳየችኝ።

«ምኑን ነው የማየው?» አልኳት።

«መብራቱን! አረንጓዴ ሆኗል። በፊት ቀይ ነበር።»

«እና አረንጓዴ ቢሆንስ?»

«አንተ ምን ይገባሃል አለቃ። ዝም ብለህ ስንዴህን መዝን።»

ሦስት ዓመት ምንም ሳይሰማ ቆየ። ከዚያ ጌሙ በመጋቢት ይወጣል ተባለ። የሳምንት ፈቃድ ጠየቀች፣ ፈረምኩላት። አሥር ቀን ሲቀረው ኩባንያው «ለጥራት ስንል ጥቂት ጊዜ ያስፈልገናል» ብሎ ጻፈ። ጥቂቱ ጊዜ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በነሐሴ ይወጣል ሲባል እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና ፈረምኩ፤ ተራውን ሁሉ አፍርሼ ሠራሁት። እንደገና ደብዳቤ መጣ። እንደገና ጥራት።

«ጥራት!» አለች ከማማው ደረጃ ላይ እየወረደች። «እኔም እኮ የጥራት ሠራተኛ ነኝ። ለጥራት ስል አንድ መኪና በር ላይ ስድስት ዓመት ባቆም ምን ትለኛለህ?»

«አባርርሻለሁ።»

«እኮ!»

ጃኔት ደግሞ የባሰች ናት። አንድ ቀን እህቷን ልትወስድ መጥታ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ስለ ጌሙ ጠየቅኳት። «ልጄ ሁለት ወለደች፣ ሦስተኛው በሆዷ ነው» አለችኝ። «እነዚህ ስድስት መቶ ሰው ሆነው አንድ ጌም ማማጥ አቃታቸው።»

በመጨረሻ የማይቀር ቀን ተቆረጠ። ኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ። እኛ ዘንድ ኅዳር ማለት አጨዳ ነው። ኮምባይነሮቹ ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራሉ፣ መኪናው ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ይሰለፋል፣ ፈቃድ የሚባል ቃል ከአፍ አይወጣም። ኖሊን ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ግን ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«አይሆንም» አልኳት።

«ቀኑን እንኳ አላነበብከውም።»

«ኅዳር አይደል? በኅዳር እናትሽ ብትሞት እንኳ ቀብሩን ከሰዓት አድርጉት ነው የምልሽ።»

«እናቴ ሞታለች። ኅዳር ላይ ነበር። ከሰዓት ነው የቀበርናት።»

እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ከእርጥበት ቁጥር በቀር አልነገረችኝም። «አሥራ አንድ ነጥብ አምስት። አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።» ቀና ብላ እንኳ አታየኝም።

ሰኞ ከሰዓት ከባሕሩ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ገበሬዎቹ ከመኪናቸው ወርደው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ያዩ ጀመር። የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከማማው ሥር ስቆም ኖሊንም ሰማዩን እያየች ነበር። ፊቷ ግን የገበሬ ፊት አልነበረም።

«ኖሊን፣ ጥርስሽን ሸፍኚ። ይገድሉሻል» አልኳት።

«አልሳቅኩም!» አለች። እጇን ግን አፏ ላይ አደረገች።

ሌሊቱን አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር ዘነበ። ማክሰኞ ጠዋት ጎተራው ተዘጋ። ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባራ፣ ነፋስ ተነሳ። ሸራ ለብሰው በር ላይ ያደሩትን የትናንት መኪኖች ከሰዓት እንቀበል ይሆናል ብዬ ልነግራት ደወልኩ። አታነሳም። መኪናዬን አስነስቼ ቤቷ ሄድኩ።

በሩ ክፍት ነው። ሳሎን ውስጥ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ ቡትስ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ጦርነት የለም፤ አንድ ቀጭን መስመር በዝግታ ይሞላል።

«ገና ነው?»

«ከንጋት ጀምሮ ከኢንተርኔት እየወረደ ነው። ከአዴሌድ ከተማ በእግሩ ነው መሰለኝ የሚመጣው።» ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለማዳመጫው፣ «ላያል፣ አንተ ስንት ደረስክ? … ዘጠና? እንዴት ዘጠና? … ዝም በል፣ አታንቀሳቅሰው፣ አትንካው!»

ስድስት ሰዓት ሲሆን መስመሩ ሞላ። እኔ ለመናገር የመጣሁትን ተናግሬ ነበር፤ ግን አልሄድኩም። እውነቱን ልናገርና ስድስት ዓመት ስሰማው የኖርኩትን ነገር ላየው ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ፓስቲ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ ወረፋ ላይ ነዎት፤ ከፊትዎ ስልሳ አንድ ሺህ ሰው አለ።

ኖሊን ብድግ አለች። «ስልሳ አንድ ሺህ! ስልሳ አንድ ሺህ መኪና በር ላይ ሰብስቦ አንድ ናሙና ወሳጅ ነው ያቆመው? ይኼ ሰው ዛሬ በሩ እንደሚከፈት አያውቅም ነበር?»

«ማን?» አልኳት።

«ማንም ይሁን!»

ሰባት ሰዓት ላይ ገባች። መጀመሪያ ብቻዋን የምትለማመድበት ቦታ ነበር። ባሕሩ ተከፈተ። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ያ ውኃ ግን እውነተኛ መስሎኝ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ኖሊን ጠመንጃዋን አነሳች፣ ተኮሰች። የያዘችው መጫወቻ እጇ ውስጥ እንደ እንስሳ ተራገጠ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ሄዶ ውኃው ላይ ጠፋ። ስድስት ጊዜ ደጋግማ ተኮሰች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ዝም በል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር።

ወዲያው ቴሌቪዥኑ መሃል ላይ የሚያብረቀርቅ ሳጥን ብቅ አለ፤ የወርቅ ባርኔጣ በስምንት ዶላር ይግዙ ይላል። ዘጋችው። ሌላ መጣ፤ ለዚያው ባርኔጣ ላባ። «ጥይት መሃል ባርኔጣ የሚሸጥልኝ ማን ነው?» ብላ ጮኸች። ውሻው ተነስቶ ወጣ።

ይህንንም ቻለችው። ከዚያ ጓደኞቿን ጠራች። ስማቸው በየተራ መጣ፤ ኖሊን፣ ላያል፣ ጃኔት። አራተኛውን ስትጫን ቴሌቪዥኑ ድምፅ አሰማ። ደግማ ተጫነች። ያው። ጠጋ ብላ አነበበች፤ ቡድኑ ሞልቷል። በአዲሱ ወደብ ቡድን ማለት ሦስት ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አንድም ቀን አልተናገሩም፤ ወይ ተናግረው ይሆናል፣ እነ ኖሊን ግን መብራቱን ሲያዩ አመለጣቸው።

ማዳመጫዋን ነቅላ ድምፁን ክፍሉ ውስጥ ለቀቀችው። መጀመሪያ የተናገረው ላያል ነው።

«በቃ፣ እኔ ልውጣ።»

«አንተማ መውጣት ለምደሃል» አለች ጃኔት።

«ጃኔት!» አለች ኖሊን።

«ምን አልኩ? ውሸት ነው?»

«ተዉ፣ ተዉ» አለ ሄሚ። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «እናንተ ቤተሰብ ናችሁ። እኔም የላም ማለቢያ ሞተር ፈትቼ ትቼ ነው የመጣሁት። ተጫወቱ።»

«ሄሚ፣ እንዳትሄድ! በተራ እናደርገዋለን። ሄሚ?»

ሄዷል። ስሙ አጠገብ የነበረው ነጥብ ጠፋ።

ሦስቱ አንድ ዙር ተጫወቱ። የቆሰለ የሚያነሳው ሄሚ ነበር፤ አሁን ሲወድቁ ማንም አያነሳቸውም። በአራተኛው ደቂቃ ወደቡ ተያዘ። እኔ ሰዓቴን አይቼ «ግቢውን ነፋሱ አድርቆታል፣ ዘጠኝ ሰዓት እንከፍታለን» አልኩ። ኖሊን ቴሌቪዥኑን ዘግታ ተከተለችኝ። ያን ከሰዓት ለሾፌሮቹ አዘንኩላቸው፤ አሥራ አንድ መኪና መለሰች። እርጥበቱ እውነት ነበር፣ ግን እንደዚያ እየጮኸች መመለስ አልነበረባትም።

በተራ እንጫወት ያሉትም አልሆነም። ተረኛው ከዳር ተቀምጦ «እዚያ! ከኋላሽ! አይ አንቺ!» ማለት እንጂ ዝም ማለት አይችልም። የሄሚ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሄሚ የለም። አንድ ሐሙስ፣ ሁለት ሐሙስ፣ ሦስት። መልእክት ሲልኩለት «ሥራ በዝቷል» ይላል። ኖሊን ሥራ ላይ ሆና ስለ እሱ ታወራልኝ ጀመር። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ሐሙስ ሳያጓድል መጥቶ «ሞልቷል» ተብሎ በር ተዘጋበት። አንድ ቀን ቱቦውን እህሉ ውስጥ እንደሰደደች ረስታው ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋባት።

«ለምን አትደውዪለትም?» አልኳት።

«ምን ልበለው?»

«ያልሽኝን ነዋ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ማማው ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ተለማምዳበታለች መሰለኝ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ሁሉንም አወረደችው፤ እንዳስቀየሙት፣ ያለ እሱ ወደቡ ወደብ እንዳልሆነ፣ ጌሙን አራቱም እንደሚጥሉትና ወደ አሮጌው እንደሚመለሱ። ከዚያ አዳመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ደረጃ ስንት?» አለች። «… አርባ ሦስት? ሄሚ፣ እኔ ገና ደረጃ ዘጠኝ ነኝ! … ከማን ጋር?»

ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፣ መለሰችው።

«ከሁለት ብራዚላውያን ጋር? በምን ቋንቋ? … እንዴት በምልክት? … እንግዲያው ሥራ የበዛብህ ይኼ ነው! እኔ እዚህ ስንዴ እያበላሸሁ፣ ‹ሄሚ ተከፋ፣ ሄሚ ብቻውን ነው› እያልኩ… ምን? … አይ፣ አልተናደድኩም! ማን ነው የተናደደው?»

ስትጨርስ ስልኩን ጉልበቷ ላይ በግንባሩ ደፋችው። ሄሚ ያን ማክሰኞ ሞተሩን ገጣጥሞ ሲመለስ ብቻውን ገብቶ ነበር፤ ጌሙም ሦስተኛ ሰው የጎደላቸውን ሁለት ብራዚላውያን ሰጠው። ሊነግራቸው አፍሮ ነው እንጂ ደህና ነው። እንዲያውም ደስ ብሎታል።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?» አልኳት።

«ከሁሉ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ አለቃ?» አለች። «ጌሙ ጥሩ ነው። ጠመንጃው፣ ባሕሩ፣ ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው አርፍ ነበር።»

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አራቱም አሮጌው ወደብ ላይ ናቸው። በሌላው ቀን ኖሊን አዲሱን ብቻዋን ገብታ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ትጫወታለች፤ ባርኔጣ አልገዛችም። ባለፈው ሐሙስ ምሽት ሸርጣን ይዤላት ስሄድ ሦስቱ ሄሚን እየጠበቁ ነበር። ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ገባ።

«ይቅርታ፣ ብራዚሎቹ አልለቀቁኝም» አለ።

«ቁጭ በልና ቦታህን ያዝ» አለችው ጃኔት። «እዚህ ስትወድቅ የሚያነሳህ የለም፤ የወደቀ የሚያነሳው አንተ ነህ።»